ባባ ከስልክ ሲወጣ

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ስልኩን ዛሬም በሽሮ ለወሰው። ያሲን አባቱን ማጉረሱ ነው። እኔው ራሴ ያስለመድሁት ስለሆነ መቆጣት አልችልም። ብጠርገው ብጠርገው ስልኩ ድስት ድስት መሽተት ጀምሯል።

ኑሩ ወደ ዶሃ ሲሄድ ያሲን የአምስት ወር ልጅ ነበር። አሁን ሦስት ዓመት አልፎታል። ባሌ ክሬን ነጂ ነው። ከሥራ ሲወጣ አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ ስልኩን ከፊቱ በላይ ይዞ በቪዲዮ ይደውላል። ስምንት ሆነው በሚተኙበት ክፍል ከአልጋው ሌላ መቀመጫ የለውም። እኛ ደግሞ ስልኩን ከፔርሙሱ ጋር አስደግፈን ገበታ እናቀርባለን። ባባን አጉርሰው። ባባን ሳመው። ባባን ደህና እደር በለው። ልጄ ያለ አባት አላደገም እያልሁ እኮራለሁ። የጨርቅ ሱቄ ጎረቤቶችም ሲያዩት "የዘንድሮ ልጅ ታድሎ!" ይላሉ።

ነገ ይመጣል! ፈቃዱን ወደ አሥር ቀን ቢያሳጥሩበትም ይመጣል። የቀረኝ ሥራ፦ መጋረጃ ማጠብ። የኢክራምን ፀጉር ማሠራት። ዓሣ ማዘዝ። የሱቁን ቁልፍ ለእማዬ ማድረስ። የሚንጠባጠበው ቧንቧ ይቆይ፣ እሱ ይሥራው፣ ቤት ውስጥ መዶሻ የሚያነሳ ሰው ድምፅ ናፍቆኛል። የእኔን ፊት ደግሞ ምን እንደማደርገው አላውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ መብራቱ ከደህና በኩል ሲሆን ብቻ ነው ስልክ የማነሳለት።

ኢክራም "ያሲን ያውቀው ይሆን?" አለችኝ። ይቺ ልጅ አሥር ዓመቷ ነው፣ ጥያቄዋ የሃምሳ ዓመት ሴት ነው። "ጠዋት ማታ የሚያየውን ሰው!" ብዬ ተቆጣኋት።

አርብ፣ ኅዳር 5

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው የምጽፈው።

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ቆመን ነበር። ኑሩ ሻንጣውን እየገፋ ወጣ። ከስቷል። ጺሙ ላይ ሽበት አለ፤ በስልክ አይታይም ነበር፣ ወይም እሱም እንደ እኔ መብራት ይመርጥ ነበር። ኢክራም ሮጣ ተጠመጠመችበት። ሲሄድ ሰባት ዓመቷ ስለነበር ታስታውሰዋለች። እኔ ያሲንን ታቅፌ "ባባ መጣ! ባባ መጣ!" እላለሁ። ኑሩ ሁለት እጁን ዘረጋ።

ልጁ ጮኸ። ተራ ለቅሶ አልነበረም። መርፌ ሊወጋው የመጣ ሐኪም ያየ ነው የሚመስለው። ፊቱን አንገቴ ሥር ቀበረ፣ በእግሩ የአባቱን እጅ መታ። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል። ኑሩ እጁን የሚያደርግበት አጥቶ ሻንጣውን መልሶ ያዘ።

በኮንትራት ሚኒባስ ነው የተመለስነው። ያሲን በለቅሶው መሃል "ባባ ጋ ደውይ" አለኝ። "ይኸው ባባ" እላለሁ። "ባባ ጋ ደውይ!" ይላል። ዝም እንዲልልኝ ብዬ ደወልሁለት። ኑሩ ስልኩን ከአውሮፕላኑ ከወረደ ወዲህ አልከፈተውም። ስለዚህ አልተነሳም። ያሲን ስልኩን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ስልኩን አየ። በሕይወቱ ደውሎ ባባ ሳያነሳ ሲቀር ይህ የመጀመሪያው ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ኑሩ ከጎናችን ተቀምጧል።

ቤት ስንገባ "እንግዳ ሆንሁበት አይደል?" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ፊቱን ሊታጠብ ገብቶ ብዙ ቆየ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ያሲን "ሰውዬው" ነው የሚለው። ሰውዬው በእኛ ፎጣ ተጠረገ። ሰውዬው መቼ ነው ቤቱ የሚሄድ? የመጣለትን አሻንጉሊት መኪና በጣቱ ጫፍ ነካ ያደርግና እኔን ያየኛል። ስልኬን ታቅፎ ከክፍል ክፍል ይዞራል። ምሳ ላይ እንደ ልማዱ ከፔርሙሱ ጋር አስደገፈው፤ ያልበራውን ስልክ ጥቁር መስታወት አጎረሰ። ኑሩ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ አፉን ከፍቶ ይጠብቅ ነበር። አፉን ሲዘጋ አየሁት። ምነው ባላየሁት።

እማዬ እንኳን ደህና መጣህ ልትለው መጣች። ሁሉንም ቁጭ ብላ ስታይ ቆየችና፣ ኑሩ ወጣ ሲል፣

"አንች፣ አባቱ መሄዱን ለዚህ ልጅ መቼ ነገርሽው?" አለችኝ።

"ምን ብዬ? በየቀኑ እያየው!"

"እንግዲያ ያልሄደ ሰው እንዴት አድርጎ ይመጣል?"

የእናቴ ክፋቷ ይህ ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ትናገርና ሻይዋን ትጠጣለች።

አባቴ ጨውና ጨርቅ በጀልባ ጭኖ በጣና ላይ ወደ ደልጊና ወደ ቁንዝላ ይነግድ ነበር። ሲነሳ እማዬ በር ላይ አሰልፋ ታቆመናለች። "አባታችሁ ሄደ፣ ዱዓ አድርጉለት" ትለናለች። ከዚያ ወዲያ ወሬው የለም። ሐይቁ ይናወጥ፣ ሞተሩ ይቁም፣ ሰውየው ይታመም፣ የሚያውቅ የለም። ላሳምረው አልፈልግም፣ ክፉ ጊዜ ነበር። ነፋስ በተነሳ ቁጥር የእማዬ ፊት እንዴት ይለዋወጥ እንደነበር አልረሳውም። የጀልባው ጥሩምባ ሲሰማ ግን እስከ ወደቡ ሩጫ ነው። ናፍጣና እርጥብ ጆንያ የሚሸት ሰው ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ ያስቀምጠኛል። ማን እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም።

የዚያን ጊዜ እናቴ እንዲህ ያለ ስልክ ብታገኝ በደስታ ታለቅስ ነበር። እኔ አግኝቼው ይኸው አለቅሳለሁ።

እሁድ፣ ኅዳር 7

የኢክራም ሐሳብ ነው። "ባባ ጓዳ ገብቶ ይደውልለት" አለች። ሦስታችንም ጎልማሶች፣ እኔ፣ ኑሩና እማዬ፣ ተያየን። ማናችንም አላሰብነውም ነበር።

ኑሩ ጓዳ ገብቶ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ስልኬ ጠራ። ያሲን ፊቱን ሲያይ እንዴት እንደሆነ! "ባባ! ባባ! የት ነበርህ?" መስታወቱን ሳመው፣ ላሰው። ካየሁት ስንት ቀኔ ነው ይህን ሳቅ። ከዚያ ወደ እኔ ገልመጥ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገና ስሞታ ጀመረ። ቤታችን አንድ ሰውዬ መጥቷል። አይሄድም። ከእማ ጋር ይተኛል። "ባባ ነኝ ይላል። ውሸታም ነው። ና አባርልኝ።"

"ጥሩ ሰው ቢሆንስ?" አለው ኑሩ።

"አይ፣ አባርልኝ።"

"እሺ የኔ ጌታ፣ አባርርልሃለሁ።"

እኔና ኢክራም አፋችንን ይዘን ሳቅን። ሳቁ ሳያልቅ በመጋረጃው ክፍተት ኑሩን አየሁት። ከአንገት በላይ ለልጁ ፈገግ ብሏል። ስልኩ የማያሳየው ሌላው እጁ ጉልበቱን ጨምድዶ ይዟል። ልቤ ተሰበረ። በሌላ ቃል ልጽፈው ሞክሬ አልቻልሁም።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ተጣላን። ከመጣ ገና ሳምንት ሳይሞላው።

ያሲን ጠዋት ሲነሳ ኑሩን አልጋ ላይ አየና ስልኩን አንስቶ "ባባ፣ አላባረርኸውም እኮ" አለ። ኑሩ ተነሳ፣ ስልኩን ከእጁ ወሰደ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። የልጁ ጩኸት ሰፈር ሰማው። "ከራሴ ጋር ስቀና ልኑር እንዴ ሰዓዳ? ለዚህ ነው እዚያ ፀሐይ ላይ የምቃጠለው?" አለኝ። እኔም ዝም አላልሁም። "ልጄ እንዳይረሳኝ ብለህ በየሰዓቱ የምትደውለው አንተ አይደለህ?" አልሁት። እሱ እኔን፣ እኔ እሱን። ጥፋተኛ ፍለጋ ቤቱን ዞርነው። በመጨረሻ ጩኸቱን ሰምታ የመጣችውን እማዬን "እርስዎ ይፍረዱን" አላት። እማዬ "እናንተ ብትጣሉ ልጁ የሚጠጋው ወደ ማን ነው?" ብላ ነጠላዋን አንስታ ወጣች።

ልክ ናት። ግን እኔም ልክ ነኝ። እሱም ልክ ነው፣ ይህ ነው የሚያናድደኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ያሲን ስልኩን አልጠየቀም። ይህ ነው ያስፈራኝ።

ቁም ሣጥኑ ሥር ቁጭ ብሏል። እህል አይቀምስም። ግንባሩን ስነካው ይሞቃል። በየመሃሉ የሣጥኑን በር በመዳፉ መታ መታ ያደርግና ጆሮውን ይለጥፋል። ኢክራም አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች፣ ተመልሳ መጣችና "እማ፣ ለእሱ እኮ ባባ ሞተ ማለት ነው" አለችኝ።

ኑሩ ሰምቷታል። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ። አልከፈትሁትም። ከከፈትሁት ያሲን ባባን ያገኛል፣ ኑሩን ግን ለዘላለም ያጣል ብዬ ፈራሁ። ካልከፈትሁት ደግሞ ልጄ ዓይኔ እያየ ሐዘን ተቀምጧል። በሦስት ዓመቱ፣ አልቃሽ በሌለበት። እናት ነኝ ብዬ እንዲህ ያለ ነገር መምረጥ ምን ማለት ነው? ያ ረቢ፣ አንተው አግዘኝ።

እማዬ ማምሻውን ተመልሳ መጣች። የትናንቱን አላነሳችም። ኑሩን "ልጄ፣ በቃ አትለምነው። ደክሞህ ነው የመጣህ፣ እስካሁን አላረፍህም። ነገ ውኃ ዳር ውጡና እረፍ" አለችው። አሻንጉሊቱን፣ ከረሜላውን፣ ሁሉንም ሰብስባ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አስቀመጠችው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ቀስ ብዬ ልጻፈው። እንዳይጠፋብኝ።

ሱቅ አልከፈትሁም። ኢክራም ትምህርት ቤት ናት። ሦስታችን ጣና ዳር ወጣን። ስልክ ቤት ቀርቷል። ዳርቻው ላይ ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ ደንገሉ መሃል አንድ ሰው ታንኳውን ይጠግናል፣ የውኃ ወፎቹ ይብራዎች ዓሣ ከሚያጸዱት ልጆች ዘንድ ተሰብስበዋል። ትኩሳቱ የበረደለት ያሲን ከእኔ ቀሚስ አልላቀቅ ብሎ ወፎቹን ያያል። ኑሩ አልጠራውም። አላባበለውም። ከእኛ ራቅ ብሎ ጫማውን አወለቀ፣ ዋርካው ሥር በጀርባው ተንጋለለ፣ ክንዱን ተንተራሰ። የእውነት ደክሞት ነበር። ዓይኑን ከደነ።

ያሲን አንድ ወፍ ተከትሎ ሄደ። ወፉ በኑሩ ራስ በኩል ዞረ፣ ልጁም ዞረ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከላይ ወደ ታች ያየዋል። ከአባቱ ራስጌ ቆሞ፣ አንገቱን አዘንብሎ፣ ያየዋል። ኑሩ ጥላ ሲያርፍበት ዓይኑን ገለጠ።

ያሲን "ባባ?" አለ።

ያኔ ነው የገባኝ። ይህ ልጅ እስካለፈው አርብ ድረስ አባቱን ቆሞ አይቶት አያውቅም። ሲራመድ አይቶት አያውቅም። እሱ የሚያውቀው አባት ትራስ ላይ ተንጋሎ ወደ ላይ የሚያይ ፊት ነው። እኛ ትከሻና እግር ያለው አንድ ረጅም ሰው አምጥተን "ይኸው" አልነው።

ኑሩ አልተንቀሳቀሰም። ፈራ። "አቤት" ብቻ አለ፣ በስልክ እንደሚለው። ያሲን ተቀመጠ። አፍንጫውን ነካ። ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ፣ ጥርሱን ቆጠረ መሰለኝ። ጺሙን ጎተተ። ከዚያ የአባቱን ፊት በሁለት እጁ ይዞ ወዲያና ወዲህ እያዞረ መረመረው፣ ገበያ ላይ ዱባ እንደሚገዛ ሰው። "ወጣህ?" አለው። "ወጣሁ" አለ ኑሩ። ልጁ ደረቱ ላይ ወደቀ።

አልሐምዱሊላህ። ተንሰቅስቄ አለቀስሁ፣ ታንኳ የሚጠግነው ሰውዬ ሰው የሞተብኝ መስሎት "አይዞሽ እቴ" አለኝ።

አርብ፣ ኅዳር 12

ትናንት አልጻፍሁም፣ ደስታ ላይ ነበርሁ።

ያሲን ከአባቱ አይላቀቅም። ሽንት ቤት በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ቧንቧውን አብረው ሠሩት፣ አሁን ከበፊቱ የባሰ ይንጠባጠባል፣ አልተናገርሁም። ከኑሩ ብብት ሥር ገብቶ አሽትቶ ሮጦ መጣና "እማ፣ ባባ ይሸታል!" አለኝ፣ ፊቱ በርቶ። እንግዲህ ይህንንም ስልክ አልነገረውም ነበር። ዛሬ ጁምዓ አብረው ሄዱ። ትከሻው ላይ አስቀምጦት ሲወጣ ከበሩ ሆኜ አየኋቸው፣ እስኪታጠፉ ድረስ።

ስልኩን ከቁም ሣጥን አወጣሁት። ባትሪው አልቆ ሞቷል። ያሲን አየውና አለፈው።

የእኔ ነገር ደግሞ፣ ደስታው መሃል ሆኜ እሁድን አስባለሁ። እሁድ ይሄዳል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ዘንዘልማ ሄደን በኑሩ ደመወዝ የምንሠራውን ቤታችንን አየን። ቤት ማለት ግድግዳ ነው። ጣራው አልተመታም። ውስጡ ሣር በቅሎበታል፣ የሰው በግ ተኝታበታለች። ኢክራም ክፍሏን ለካች። ያሲን ከአባቱ ጋር ድንጋይ ሲያመላልስ ዋለ፣ ለምን እንደሆነ አላህ ይወቀው።

"ቅር" አልሁት ኑሩን። አላሰብሁትም፣ ከአፌ አመለጠኝ።

ግድግዳውን አየ። "ጣራው ይመታና እቀራለሁ" አለ።

"ጣራው ሲመታ በር ይቀራል። በሩ ሲገባ ሌላ ነገር ይቀራል።"

"አውቃለሁ ሰዓዳ።"

ተቆጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ተቆጥቶ ቢሆን እጣላው ነበር።

እሁድ፣ ኅዳር 14

ሄደ።

ያሲን ቀን ላይ ሲተኛ ጠብቆ ሊወጣ ነበር ሐሳቡ። እማዬ አልፈቀደችም። "እንደ ሌባ አትውጣ ልጄ። ያይህ። መሄድህን ይወቀው" አለችው። ኑሩ በርከክ ብሎ ከልጁ ዓይን ጋር ዓይኑን አስተካከለ። "ባባ ይሄዳል። ይቆያል። ግን ይመጣል፣ ኢንሻአላህ።" ያሲን "እሺ" አለው። እጁን አወዛወዘለት። ሱቅ የሚሄድ ነው የመሰለው፤ ብስኩት እንዲያመጣለት አዘዘው። ኑሩ መኪናው ውስጥ ገብቶ ወደኋላ አልዞረም። ትከሻውን አይቼ ለምን እንደማይዞር አወቅሁ።

ኢክራም ክፍሏ ገብታ ዘጋች። ሱቅ ሄጄ ጨርቅ እንዳጣጥፍ አስቤ ነበር፣ አልቻልሁም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ያሲን ከጠዋት ጀምሮ የግቢው በር ላይ ነው። ድንጋይ አምጥቶ ተቀምጧል። ምሳውን እዚያው አበላሁት።

አሥር ሰዓት አካባቢ ኑሩ በቪዲዮ ደወለ። ደርሶ፣ ተንጋሎ፣ በዚያችው ትራስ ላይ። ኢክራም እየሮጠች ስልኩን ለያሲን ወሰደችለት። ልቤ ይመታል። አየው። ኑሩ "ያሲኔ! የኔ ጌታ!" ይላል። ልጁ ለረጅም ጊዜ አየው። ስልኩን ገልብጦ ጀርባውን አየ። አሸተተው። ከዚያ "ይሄ ባባ አይደለም" አለና በፊቱ ደፍቶ መሬት ላይ አስቀመጠው። የኑሩ ድምፅ ከአፈሩ ሥር "ያሲን? ያሲን?" ይላል። አነሳሁትና "ኔትወርኩ አስቸገረ" ብዬ ዘጋሁበት። ባሌን ዋሸሁት። ደግሞ እኮ ልጁ ሲደፋው አይቷል።

ያሲን ቀሚሴን ያዘኝ። "እማ፣ ባባ መቼ ነው የሚመጣ?"

ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ። ለእሱ ባባ ሄዶ አያውቅም ነበር። አሁን አባት አለው፣ አባቱም ሄዷል፤ ሁለቱንም ያገኘው በአንድ ሳምንት ነው። ምን ልበለው? ነገ ብዬ ልዋሸው አሰብሁ። አልዋሸሁትም። አጠገቡ አፈሩ ላይ ቁጭ አልሁና "ሩቅ ነው የሄደ። ይመጣል። ግን በጣም ይቆያል" አልሁት። ገባው። እንደገባው ያወቅሁት ሳይጮህ ስላለቀሰ ነው። እንደ ትልቅ ሰው፣ እንባው ብቻ ወረደ። ታቅፌው አብሬው አለቀስሁ።

ስልኩ እንደገና ጠራ። እኔ ማንሳት አልቻልሁም። ኢክራም አነሳችው።

"ባባ፣ ያሲን አሁን ሊያናግርህ አይችልም" አለችው። "በር ላይ ሆኖ እየጠበቀህ ነው።"

ኑሩ ከትራሱ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ኢክራምም አልዘጋችውም።